አሜሪካ ጦር የገባው ልጅ፣ ደሴ ያሉት እናቱ እና የሕግ ቢሮው ፋይል

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ ዲቪ ደርሷቸው ከሄዱት ልጆች መካከል ወታደር የሆኑ አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አሜሪካ ጦር ውስጥ መቀጠር ይችላል። ደመወዙ አይቋረጥም፣ ትምህርት ይከፈልለታል፣ ዜግነትም ቶሎ ያገኛል። ቤተሰብ ግን ሲሰማ ይደነግጣል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጦርነት ይልኩታል ወይ?» ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። «ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን ላኩልኝ ይለናል። ምን ሊያደርገው ነው? ማን እጅ ይገባል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ወታደራዊ ቢሮ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ይሰጋል። እኔ ግን ነገሩን ከተከታተልኩ በኋላ ስጋቴ ቦታ ቀይሯል። ቢሮው ውስጥ ላለው ፋይል የቆየና ዝርዝር ሕግ አለ። በልጁ ስልክና በእኛ ስልክ ላለው ኮፒ ግን ያ ሕግ አይደርስለትም። ይህን ልዩነት ማወቅ ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል። ስለዚህ ከቢሮው እንጀምርና ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። የአሜሪካን ነገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ጦሩ ውስጥ ገና እንደገባ ዲዲ 93 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ይህን ቅጽ የሚይዘው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው እንጂ የሕግ ቢሮው አይደለም። ቢሆንም የቤተሰብ ስም መጀመሪያ የሚገባው በዚህ በኩል ስለሆነ ልለፈው አልፈለግኩም። አንድ ነገር ቢደርስበት ለማን ይነገር? የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ የእናት የአባቱ ስምና አድራሻ ይጻፋል። ቅጹ ላይ ብዙ ልጆች ዝም ብለው የሚያልፉት አንድ ቦታ አለ። ታማሚ ስለሆነ በቀጥታ እንዳይነገረው የምትፈልገው ሰው ካለ፣ ስሙንና በእሱ ፋንታ የሚነገረውን ሰው ጻፍ ይላል።

ይህ ቦታ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። እኛ ጋ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። በስልክ አይሆንም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው እናት በድንገት ማርዳት አደጋ ነው። ልጁ እዚያች ቦታ ላይ የአጎቱን ወይም የታላቅ ወንድሙን ስም ቢጽፍ መርዶው በወጉ ይደርሳል። ልጃችሁ ጦሩ ውስጥ ካለ ይህን ጠይቁት። ማንሳቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ጠይቁት።

አሁን ወደ ሕግ ቢሮው እንግባ። የአሜሪካ ጦር የራሱ የሕግ ባለሙያዎች አሉት። በአጭሩ «ጃግ» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ሹም ዊሊያም ቱዶር የሚባል ጠበቃ ነበር። የተሾመው ሐምሌ 1775 ነው፣ አገሪቱ ነጻነቷን ከማወጇ አንድ ዓመት ቀድሞ። ዛሬ በየትልልቁ የጦር ሰፈር የሕግ ቢሮ አለ። ወታደሩ ኑዛዜ ይጽፋል፣ ውክልና ይሰጣል፣ ከአከራዩ ጋር ቢጋጭ ምክር ያገኛል። የፍቺ፣ የዕዳ፣ የግብር፣ ሚስቱን ከአገር ቤት የማስመጣት ጉዳይም እዚያው ይታያል። ለዚህ ሁሉ አይከፍልም።

ችግሩ «የሕግ ቢሮ» የሚለው ስም ብዙ ሥራ በአንድ ላይ መያዙ ነው። አንዱ ክፍል ለወታደሩ የግል ጉዳይ ምክር ይሰጣል። ሌላው አዛዡን ያማክራል፣ ጥፋት ሲኖርም ይከሳል። ሌላው ለንብረት ጉዳት ካሳ የሚጠይቁ ሰዎችን ማመልከቻ ያያል። የተከሰሰ ወታደር ጠበቆች ደግሞ ከ1980 ወዲህ በራሳቸው የዕዝ መስመር ነው የሚሠሩት። የተለዩት የካምፑ አዛዥ ጫና እንዳያደርግባቸው ነው።

ልዩነቱ ለምስጢር ወሳኝ ነው። የግል ጉዳይ የሚያማክረው ጠበቃ ደንበኛው ወታደሩ ነው። የነገረውን ለአዛዡ አይናገርም። አዛዡም ማዕረጌ ይበልጣል ብሎ ፋይሉን ማስከፈት አይችልም። ጠበቃው ራሱ ዩኒፎርም ለባሽ ቢሆንም በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለው ምስጢር እንደ ሲቪል ጠበቃ ይጠበቃል። አዛዡን የሚያማክረው ጠበቃ ግን ደንበኛው ጦሩ ነው። ወታደሩ ሰው አገኘሁ ብሎ ለእሱ ጉዱን ሁሉ ቢዘረግፍ ያ ንግግር ምስጢሩ አይደለም። ስለዚህ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህን ምከሩ። ጠበቃ ፊት ሲቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኔ ጠበቃ ነህ ወይስ የጦሩ?» ይሁን። ጠበቃው በዚህ አይቀየምም። ቀጥተኛ መልስ የመስጠት ግዴታም አለበት።

ፋይሉን የሚገዛው ሕግ የ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ከሥልጣን በለቀቁ በአምስት ወር ውስጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ፕሬዚዳንት ፎርድ ፈረሙበት። ሕዝቡ መንግሥት ስለ እሱ ምን እንደሚጽፍ የመጠየቅ ስሜት ላይ ነበር። ኮምፒዩተርም መሥሪያ ቤቶች ውስጥ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሕጉ ለጦሩ ብቻ የወጣ አይደለም፣ የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን ሁሉ ይመለከታል። የጦሩ የሕግ ቢሮዎችም በዚህ ሥር ናቸው።

የሕጉን መንፈስ ለመረዳት የእድርን መዝገብ አስቡ። ጸሐፊው የቤተሰቡን ስም፣ የልጆቹን ብዛት፣ ማን መዋጮ እንዳቋረጠ ያውቃል። ያንን የያዘው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። መዝገቡን አውጥቶ ለአበዳሪ ቢያሳይ ሰፈሩ ይነሳበታል። መረጃው ትክክል ቢሆንም የተሰጠበት ጉዳይ ሌላ ነበር። የአሜሪካው ሕግም እንዲሁ ነው። ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ ጉዳይ አይውልም።

ይህ በሥራ ላይ እንዴት ይታያል? ቅጽ ሲሞላ ይጀምራል። የወታደሩን የግል መረጃ የሚጠይቅ ማንኛውም ቅጽ አራት ነገር መናገር አለበት። በየትኛው ሕግ ነው የምጠይቅህ? ለምን ጉዳይ? ለማን ልሰጠው እችላለሁ? መመለስ ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ፣ ባትመልስስ ምን ይቀርብሃል? ብዙ ጊዜ ቅጹ አናት ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ሰውም አያነበውም። እኔ ግን ከቅጹ ሁሉ ዋናው ቦታ እሱ ነው እላለሁ፣ በተለይ «ፈቃድ ነው» የሚለው። ልጁ ከቤተሰብ የሚጠይቀው ወረቀት በእውነት የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ቀጥሎ መዝገቡ ራሱ በአዋጅ ይታወቃል። አንድ መሥሪያ ቤት በሰው ስም የሚፈለግ የፋይል ስብስብ ካለው መኖሩን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ማስታወቂያው የሚወጣው ፌደራል ሬጅስተር በሚባለው፣ እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ በሆነው የመንግሥት ኅትመት ነው። ስለ እነማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደያዘ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚፈለግ፣ በምን ቁልፍና ጥበቃ እንደተያዘ፣ መቼ እንደሚወገድ፣ ማየት የሚፈልግ ሰው ለማን እንደሚጽፍ ይዘረዝራል። የሕግ ምክር ፋይሎች የራሳቸው ማስታወቂያ አላቸው። የወታደራዊ ፍርድ ቤት ፋይሎችም እንዲሁ። ማስታወቂያ ሳያወጣ እንዲህ ያለ መዝገብ ሆን ብሎ የያዘ ሠራተኛ በወንጀል ይጠየቃል።

«በሰው ስም የሚፈለግ» ያልኩትን አስተውሉ። ሕጉ የሚሠራው ፋይሉ በስም ወይም በመታወቂያ ቁጥር የሚወጣ ሲሆን ነው። ስምህ በሌላ ጉዳይ ወረቀት ውስጥ በመሀል ቢነሳና ቢሮው ያን ወረቀት የሚያወጣው በቀን ወይም በመዝገብ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ በዚህ ሕግ ፋይሌን አሳዩኝ የማለት መብት የለህም። ጠበቆች የሚከራከሩበት ጥቃቅን ነጥብ ይመስላል። ለእኛ ልጆች ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ስማችን ያስቸግራል።

አንድ የወሎ ልጅ መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርጎ ሊጽፈው እንደሚችል አስቡት። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ መንገድ፣ የልደት ወረቀቱ ላይ በሌላ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ በሦስተኛ። አሜሪካኖች የቤተሰብ ስም ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገቡት የአያትን ስም ነው። እናቱ በዚያ ስም አይጠሩም። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይቀየር ከገባ ሰባት ስምንት ዓመት ይዘላል። ከዚያ ውክልናው ላይ ያለው ስምና የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አልገጥም ይላል። ፋይሉ ሲፈለግም አይገኝም፣ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል።

መድኃኒቱ ሕጉ ውስጥ አለ። ወታደሩ ፋይሌን ልይ ማለት ይችላል። ስህተት ካገኘ ይታረምልኝ ብሎ ይጽፋል። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው እንደደረሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። አላርምም ካለ ይግባኝ አለ። ይግባኙም ካልተሳካ ወታደሩ የማይስማማበትን ነጥብ በአጭር ጽሑፍ አስቀምጦ ፋይሉ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ለሌላ ወገን ሲሰጥ ያ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ፣ የአገልግሎት መዝገብ ላይ ያለ ስህተትን ወይም በደልን የሚያይ የሲቪሎች ቦርድ አለ። ማመልከቻው የሚቀርበው ስህተቱ በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፣ ቦርዱ ግን በቂ ምክንያት ካየ የዘገየንም ይቀበላል።

ፋይሉን ማን ያየዋል? መነሻው ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ ማንም አያይም የሚል ነው። ከዚያ 12 ልዩ ሁኔታዎች ይከተላሉ። ሥራው የሚያስገድደው የዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረባ ያያል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ ይሰጣል። ምክር ቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ይሰጣል። ከሁሉም ሰፊው በር «የተለመደ አገልግሎት» የሚባለው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን ለማን፣ ለምን ሊሰጥ እንደሚችል ማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ የሚዘረዝረው ማለት ነው። ይህ በር ለእኔ ከሚገባው በላይ ተከፍቷል። ዝርዝሩ ሲረዝም ፈቃድ የሚለው ነገር ስም ብቻ ይሆናል። የሕግ ምክር ፋይል ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የጠበቃ ምስጢር ስላለበት በቀላሉ አይነካም።

ፋይሉ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ሲወጣ ምዝገባ አለው። መቼ፣ ለማን፣ ለምን እንደተሰጠ ይጻፋል። ያ ምዝገባ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆያል። ወታደሩ «ፋይሌን ለማን ሰጣችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ለሕግ አስከባሪ የተሰጠው ካልሆነ በቀር ዝርዝሩ ይታየዋል። እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሥራ ያዩት ግን በዚህ ምዝገባ አይገቡም። ቁልፍ፣ የይለፍ ካርድ፣ ጊዜው ሲያልፍ በማሽን መቆራረጥ፣ ይህ ሁሉ አለ። ከዚያ ሁሉ የምወደው ይህን ምዝገባ ነው። ቁልፍ ሌባን ያቆማል። ምዝገባው ግን ቁልፉ የተሰጠውን ሰው ይቆጣጠራል፣ የሰው ምስጢር ደግሞ በብዛት የሚወጣው በእሱ በኩል ነው።

ቅጣትም አለው። እያወቀ የሰው ፋይል ለማይገባው አሳልፎ የሰጠ ሠራተኛ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። ውሸት ተናግሮ የሌላ ሰው ፋይል ያወጣም እንዲሁ።

ሕጉ የማይመለከታቸው ሰዎችና ፋይሎች ግን አሉ። የመጀመሪያው እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ይህ ሕግ መብት የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎችና ለሕጋዊ ቋሚ ነዋሪዎች ነው። ልጁ ይጠበቃል። ደሴ ያሉት እናቱ ግን በራሳቸው ስም መጥተው በዚህ ሕግ «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» ማለት አይችሉም። ስማቸው በልጃቸው ፋይል ውስጥ ስለሆነ በእሱ መብት ጥላ ሥር ናቸው። ስለዚህ ፋይሉን የሚከታተለው፣ አድራሻ ሲቀየር የሚያሳርመው፣ የተሳሳተውን የሚያስተካክለው ልጁ መሆን አለበት። ሌላ ማንም አያደርግላቸውም።

ሁለተኛው የወንጀል ምርመራ ነው። የወንጀል ፋይሎች በብዛት ከማየትና ከማሳረም መብት ውጭ ተደርገዋል። ለፍርድ ክርክር ተብለው የተዘጋጁ ወረቀቶችም አይታዩም። በተቃራኒው የወታደራዊ ፍርድ ቤት ሰነዶች ለሕዝብ በተወሰነ መልኩ እንዲከፈቱ አዲስ ድንጋጌ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ፍርድ በአደባባይ እንዲሆን ስለሚፈለግ ነው። ያም ቢሆን የግል ዝርዝሮች እየተሰረዙ ነው የሚወጡት።

ሕጉ ጥሩ ነው ማለት ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም። ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደር መዛግብት ማዕከል በእሳት ተያያዘ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል ወድሟል። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ወታደሮች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ በዚያ ውስጥ ነበር። ኮፒ አልነበረም። የምን የምን ፋይል እንደነበረ የሚናገር ማውጫም አልነበረም። የሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የኮሪያ ዘማቾች ከዚያ በኋላ ጡረታና ሕክምና ለማግኘት አገልግሎታቸውን ከደመወዝ ወረቀት፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ከድሮ ደብዳቤ ሲለቃቅሙ ኖሩ። እሳቱ የማንንም ምስጢር አላወጣም። ጉዳቱ ግን ከብዙ ስርቆት የባሰ ነበር።

ይህን ከወሎ ሰው በላይ የሚረዳ የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ፋይል ተበትኗል። ከቆቦና ከወልድያ ጀምሮ ይዞታውን፣ ጋብቻውን፣ የሥራ ዘመኑን እንደገና ማስረዳት የነበረበት ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ወረቀቱን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ አዝማድ መላክ ቢያበዛ አይፈረድበትም። መዝገብ መጠበቅ ማለት መደበቅ ብቻ አይደለምና። ሐይቅ እስጢፋኖስም ይህን ከጥንት ያውቃል። የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዛሬ ድረስ አለ። ብራናውን የሚሰርቅ ወይም ጽሑፉን የሚፍቅ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አብሮት ኖሯል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳት 2015 ላይ ታወቀ። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ተሰብሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጣ። ምስጢራዊ ሥራ ላይ ለመመደብ የሚደረገው የማንነት ማጣራት ፋይል ነበር። ያ ቅጽ ከአገር ውጭ ያሉ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ስምና አድራሻ ይጠይቃል። ወታደሩ ስማችንን የሚሰጠው አንዱ ቦታ ይህ ነው። ሌላው ትምህርት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ከ1969 ጀምሮ የምድር ጦሩ ይህንኑ ቁጥር የወታደር መለያ አድርጎ አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ብረት ላይ ሳይቀር ይጽፈው ነበር። ባንክ የሚከፈትበት፣ ብድር የሚወሰድበት ቁጥር ማለት ነው። ከብረቱ ላይ እንዲወጣ የተወሰነው 2015 ላይ ነው። አሁን በፋንታው ከጦሩ ውጭ የማያገለግል ባለ አሥር አሃዝ መለያ አለ። አርባ ስድስት ዓመት ማለት ብዙ ነው።

እንግዲህ ከቢሮው እንውጣ። ልጁ ኮምቦልቻ ያለውን ቤት እህቱ እንድታከራይለት ውክልና ይሰጣል እንበል። ወታደራዊ ውክልና በአሜሪካ ሕግ የትኛውም ክፍለ ግዛት መቀበል አለበት። እኛ አገር ግን በዚያ ብቻ አይሠራም። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጣል፣ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጣል፣ ከዚያ እዚህ ያለው ቢሮ ይቀበላል። ዋናው በፖስታ ወይም በሰው እስኪመጣ «እስቲ ፎቶውን ላክልኝ» ይባላል። ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል። የፓስፖርቱ፣ የወታደር መታወቂያውም አብሮ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የ1974ቱ ሕግ አብሮት የለም።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ገቡ። ውስጡ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጃቸው ፓስፖርት ኮፒ አለ። «ይቺን ስካን አርገህ ላክልኝ የኔ ልጅ» አሉት ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ። «እሺ እማማ» አለና በትሕትና ሠራላቸው። ወደ ልጃቸው ለመላክም በራሱ የቴሌግራም አካውንት ነው የተጠቀመው፣ እሳቸው ስማርት ስልክ ስለሌላቸው። ከፍለው መርቀውት ወጡ። የኮምፒዩተሩ ፊት በፋይል ተሞልቷል። እያንዳንዱ የሰው ስም አለው። ቀጣዩ ደንበኛ የራሱን ፍላሽ ሰክቶ በዚያው ስክሪን ላይ ፋይሉን እየፈለገ ነበር። የሁሉንም ስም እያየ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ክፉ አይደለም። እንዲያጠፋ የነገረው የለም፣ የጠየቀውም የለም። እዚህ ምንም ቁልፍ፣ ምንም ምዝገባ፣ ምንም ማስታወቂያ የለም።

እኛ አገርም ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃው ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ ይዋል የሚለው መርሕ እዚህም አለ። የማየትና የማሳረም መብትም አለ። የእኛ መከላከያም የራሱ የሕግ ባለሙያዎች፣ ቀዳሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤትና ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አሉት። ለአገር ደኅንነት ሲባል የሚደረግ ልዩነት በሁለቱም አገር አለ። አዋጁ ግን ገና አዲስ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አልደረሰም። እስኪደርስ እኛው እንጠንቀቅ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ሥራው ሲያልቅ «አጥፋልኝ» በሉ። ከሪሳይክል ቢኑም እንዲያጠፋው ቆማችሁ እዩ። ነውር የለውም። በሰው አካውንት ከተላከም ከቻቱ ላይ ለሁለቱም ወገን እንዲሰረዝ ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ምስጢራዊ ቻት የሚባለው ለብቻው የሚከፈት ነው። የፓስፖርት ፎቶ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፣ ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዘመድ ቢሆኑም ስልካቸው የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ኮፒ ለሰው ስትሰጡ ወረቀቱ ላይ «ለቤት ኪራይ ውክልና ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት፣ ጽሑፉ ፎቶውን ያቋርጥ። ደላላ ሌላ ነገር ሊሠራበት ቢፈልግ ይቸገራል። ልጁ ስም ሲልክላችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ ይላክ፣ እናንተም በዚያው ልክ አስጽፉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ከባድ ቢሆንም። ወታደሩ ከሞተ የ1974ቱ ሕግ ለእሱ መብት መስጠቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ግን ለቤተሰብ ሌላ በር ይከፈታል። ከሞተ በኋላ ሌላ ያላገባች ሚስት፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት የቅርብ ዘመድ ተብለው የአገልግሎት ፋይሉን መጠየቅ ይችላሉ። ያው የተቃጠለው ማዕከል አሁንም ሴንት ሉዊስ ነው ያለው፣ በአዲስ ሕንጻ። ቅጹ ኤስኤፍ 180 ይባላል። የሞት ማስረጃ ይያያዛል፣ ጠያቂው ይፈርማል። ለቅርብ ዘመድ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ከአገልግሎት ከወጣ 62 ዓመት ያለፈው ወታደር ፋይል ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ቅጹ ላይ ስሙ የሚጻፈው ጦሩ ውስጥ ሲያገለግል በነበረው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ስሙ ጦሩ ውስጥ የሚጻፍበትን ፊደል፣ በወረቀት ጽፋችሁ፣ እቤት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ።